በነጭ ሻማ የታሸገው ጠርሙስ

ውድ አምሐ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጄብሃለሁ። ቅዳሜ ከራት እንደተመለስኩ ልጽፍልህ ነበር፣ ብዕሩን ወርውሬ ተኛሁ። ዛሬ ትንሽ በርዶልኛል። ትንሽ ነው ያልኩህ።

ሃያኛ ዓመታችንን አከበርነው። እኔማ "ባል በሌለበት የጋብቻ በዓል ምን የሚሉት ነው?" ብዬ ነበር። ሚዜህ ታዲዮስ ግን "እነዚያ ሦስት ጠርሙሶች እኔ ቤት የተቀመጡት ለጌጥ ነው እንዴ?" ብሎ ድርቅ አለ። የሰርጋችን ዕለት ከተረፈው ቀይ ወይን ሦስቱን መርጠህ፣ አንገታቸው ላይ ጧፍ እያንጠባጠብክ አሽገህ፣ "ወይን ሲቆይ ነው! በሃያ ዓመቱ እንከፍተዋለን!" ስትል ሰርገኛው ሁሉ አጨብጭቦልህ ነበር። እኛ ቤት ከሆነማ ዓመትም አይቆይ ብለህ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ ታዲዮስ ዕቃ ቤት አስቀመጥከው። ይሄን ሁሉ የምጽፍልህ ረስተኸው እንዳይሆን ነው።

ቤቴል ያለው፣ አንተ ክትፎውን የምትወድለት ሬስቶራንት ሄድን። ታዲዮስ፣ እኔ እና ሚዜዬ ጥሩብርሃን። ጥሩዬ ያው እንደምታውቃት ናት፤ ስልኳ ላይ ስለ ወይን አንድ ሁለት ቪዲዮ አይታ ሊቅ ሆና መጥታለች። አስተናጋጁ ሊከፍት ሲል ታዲዮስ ጠርሙሱን ቀማው። "ይሄን የሚከፍተው ሚዜ ነው፣ ወንድሜ።"

ታዲዮስ መቼም የአባቱን ቤት ወግ አይተውም፤ ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ራሱ ቀምሶ ነው ለሰው የሚሰጠው። የመጀመሪያውን ቀመሰ። ፊቱ ጭምድድ አለ።

"እህሳ?" አለችው ጥሩዬ።

"ቆይቷል" አለ።

ኮምጣጤ ነው አምሐ! ሰላጣው ላይ ብናፈሰው ይሻል ነበር። ጥሩዬ ዓይኗን ጨፍና "የእንጨት ቃና አለው፣ ትንሽ ደግሞ የቆዳ" አለች። "የምን ቆዳ? የጫማ ነው?" አልኳት። ሁለተኛውንም ከፈተ፣ ቀመሰ፤ እንዲያውም ብሷል። ለካስ እንደኛ ዓይነቱ ተራ ወይን ቶሎ የሚጠጣ እንጂ የሚቀመጥ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ኮምጣጤ ስንጠብቅ ኖርን! እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፣ አንተም ብትኖር እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ።

ሦስተኛው ላይ ነው ነገሩ የሸተተኝ።

ታዲዮስ ጠርሙሱን አንገቱን በእጁ ሸፍኖ አነሳው። ምን ያስሸፍነዋል? አየት አደረግኩ። የሁለቱ ሰም ቢጫ ነበር፣ የጧፍ። የዚህኛው ነጭ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የምናበራት የሱቅ ሻማ። ዝም አልኩ። "ማራኪ ስትጮህ ሳይሆን ዝም ስትል ነው መሸሽ" ትል አልነበር? ከዚያ ቀዳልኝ፤ መዳፉ ላይ ጠብ ሳያደርግ! ውሃ እንኳን ቀምሶ የሚሰጥ ሰው!

ጠጣሁ። ጣፈጠኝ። ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው የሚመስለው።

"አያችሁ? ወይን ሲቆይ እንዲህ ነው!" አለች የኛ ሊቅ።

"ታዲዮስ፣ የኔን ጠርሙስ የት አደረስከው?" አልኩት።

"ይሄው ነዋ! አምሐ ይሙት!"

ዕድሜውን ሙሉ በአንተ ሲምል የኖረ አፍ፣ አምልጦት ነው። ላብ በላብ ሆነ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

"እሱማ ሞቷል" አልኩት። "በሌላ ሰው ማል።"

መማል አቃተው። ሹካውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። "የጠጣው እሱ ነው" አለኝ። "አምሐ ራሱ።"

ልቤ የት እንደሄደ ልንገርህ? ታመህ ከመተኛትህ በፊት በነበረው ክረምት፣ አንድ ቀን አምሽተህ አፍህን ሙሉ ማስቲካ እያኘክ ገባህ። ማስቲካ የማይወድ ሰው! "ጦር ኃይሎች ጋ ታክሲ አጥቼ ነው" አልከኝ። ታክሲ ማጣትን ከማስቲካ ጋር ምን አገናኘው? ያኔ የዋጥኩት ጥርጣሬ ቅዳሜ ዕለት ተመልሶ መጣብኝ። ሴት ናት አልኩ። የሰርጌን ወይን ከሌላ ሴት ጋር! እግዜር ይይልኝ፣ ከሞትክ በኋላ ልፈታህ ምንም አልቀረኝ።

"ከማን ጋር?" ስል የጎን ጠረጴዛ ሁሉ ዞረ።

"ከእኔ ጋር ነዋ ማርዬ! ከማን ይሆናል? የምርመራውን ውጤት የነገሩት ቀን ነው። በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። 'ሃያ ዓመቱ ላይ አልደርስም፣ አንዱን እንክፈተው' አለኝ። ዕቃ ቤት፣ የቢራ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለን ከፈትነው።"

"እኔስ? ስልክ የለኝም?"

"'ማራኪን ከጠራኋት ለምን ዛሬ ትለኛለች፣ ፊቴን አይታ ታውቃለች፤ ጥቂት ቀን እንኳን ሳታውቅ ትሳቅ' አለ። ምን ላድርግ?"

ማስቲካው ለካ የወይኑን ሽታ መደበቂያ ነበር። ሌላው ነው አንጀቴን የበላው። ስትቀምሰው ኮምጣጤ። ፊትህን እንኳን አላጨማደድክም አለ። "እነዚያም እንዲህ ከሆኑ ማራኪ በቀኑ ምን ልትጠጣ ነው?" ብለህ በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ወይን ገዝተህ መጣህ። አቧራ ቀባኸው። ጧፍ ስታጣ ሻማ አንጠባጠብክበት። ታዲዮስ "ታዲያ ሁሉንም እንቀይራቸው" ቢልህ "ሦስቱም ከጣፈጧት ትጠረጥራለች" አልከው። አንተ ሰውዬ! ይሄ መጨረሻ ይከፈት፣ ከማንም በፊት የምትቀምሰው እሷ ትሁን ብለህም አስማልከው። መዳፉ ላይ ያላንጠባጠበው ለዚህ ነው።

አለቀስኩ። ግን ታረቅኩህ ማለት አይደለም። ያን ቀን እዚያ ሳጥን ላይ አጠገብህ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ኮምጣጤም ቢሆን አብሬህ እጠጣው ነበር። አብሬህ ባለቅስስ ምን ነበረበት? ሚስትህ አይደለሁም?

ልንነሳ ስንል ታዲዮስ የቀረችውን ሊቀዳልኝ ጠርሙሱን አነሳ። መዳፉን ዘረጋና ፈራ ተባ እያለ "አሁንስ ልቅመስልሽ?" አለኝ።

"ተወው" አልኩት። "አምሐ ቀምሶልኛል።"

ከቅዳሜ ጀምሮ ቁም ሣጥኑንም አልጋ ሥሩንም እየፈተሽኩ ነው። ሌላ የደበቅክልኝ ነገር እንዳለ ልቤ ነግሮኛል።

አሁንም የማላምንህ፣
ሚስትህ ማራኪ