ወረቀቱ እምቢ ያለኝ ሰሞን

ጥር 7

ዶሮዎቼ አኩርፈውኛል። ሌላ ጊዜ በር ስከፍት እግሬ ሥር ይርመሰመሱ ነበር፤ ዛሬ ሲያዩኝ ወደ አጥሩ ጥግ ሸሹ። እውነታቸውን ነው… የሚጥሉትን ሁሉ ጠዋትና ማታ የምበላው እኔ አይደለሁም? እንጀራ ከተውኩ ወዲህ ኑሮዬ እንቁላል፣ ሥጋና ጎመን ነው።

ጥፋቱ የፈሪሀ ነው። የወንድሜ ልጅ፤ እዚሁ ቆቦ ታስተምራለች፣ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ነርሱ እሱባለው በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሬ ካልወረደ ኪኒኑ እንደማይበቃ፣ መርፌ እንደሚያስጀምረኝ የነገረኝ ለት ፊቴን አየችው። እህልና ስኳር ከቀነስን ሰውነት የራሱን ስብ ማንደድ ይጀምራል አለች። ሲጀምር ኪቶን የሚባል ነገር በሽንት ይወጣል፤ መመርመሪያው ወረቀት ሲነከርበት ወይን ጠጅ ይሆናል። እሱባለውንም አስፈቀደችው። ኪኒኑን እንዳላቋርጥ፣ ካዞረኝ ቶሎ እንድመጣ አስጠንቅቆ ለቀቀን።

ብቻህን አትቸገርም ብላ እሷም እንጀራ ተወች። ማን ቀድሞ ወረቀቱን ያቀላል ብዬ ልወራረዳት ስል ሐራም ነው አለች። ገንዘብ የለበትም፣ የተሸነፈ የዶሮ ቤቱን ይጠርጋል አልኳት። እሺ አለች።

ጥር 10

ወረቀቱ ያው ነው። የእሷም ያው ነው አለች።

ጎብዬ ሄጄ፣ ሽንኩርት ማሳ ላይ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ስፈታ ዋልኩ። ባለ ፓምፑ ብርሃኑ፣ አያ መህዲ፣ እንጀራ ሳይበላ ሞተር የሚያስነሳ ሰው አይቼ አላውቅም እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ። አንተስ እየበላህም አላስነሳኸውም አልኩት። ሞተሩ ተነሳ… እኔ ግን ጥላ ሥር ተጋደምኩ።

ጥር 15

ምንም። ለመሆኑ ያልተውኩት ምን ቀረኝ? ሻዩ ያለ ስኳር። ሙዙም ቀረ። ፈሪሀ የእኔም አልቀላም፣ አይዞህ ትላለች።

ጥር 16

ጉዴ ወጣ። ፈሪሀ ሞተር ከምጠግንበት ክፍል ጥግ ጀሪካን አገኘች። የግመል ወተት ነው። የአፋር ሴቶች ገበያ ያመጡታል፤ ለስኳር ፍቱን ነው ሲባል ሰምቼ በየቀኑ ስጠጣ ነበር። እህል ነው እንዴ?

ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ወተትም የራሱ ስኳር አለው አለች። ለምን ደበቅከኝ ስትለኝ፣ አልደበቅኩም፣ መድኃኒት በአደባባይ ይጠጣል እንዴ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ነው የተነሳችው።

ጥር 22

ወተቱንም ተውኩ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

ደክሞኛል። ሰው ሲያላግጥብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን መልስ ማሰቡም ይከብደኛል።

ወንድሜ በሐሳቤ መጣ። እሱም ስኳር ነበረበት፤ መርፌ ጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ እግሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ… አላህ ይዘንለት። የምትወጋው ሚስቱ ዚነት ነበረች፣ የፈሪሀ እናት። መርፌው ነው የጨረሰው እላለሁ በሆዴ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ ግን ሳይነግራት አልቀረም፤ ከቀብሩ ወዲህ ከሮቢት ተነስታ እዚህ ቤት መጥታ አታውቅም። እኔም አልጠራኋት።

ጥር 27

ዛሬ ፈሪሀ ስታናግረኝ አፏ ሸተተኝ። እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ… ስቡ ሲነድ ትንፋሽ እንዲህ ይሸታል ብሎኝ ነበር እሱባለው። ወረቀትሽ የታለ አልኳት። ጣልኩት አለች። ሂጂ ሌላ ነክረሽ አምጪ አልኳት።

አመጣች። ድብን ያለ ወይን ጠጅ።

ለካ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የቀላላት። ከአንድ ድስት በልተን! ይሄን ሁሉ ቀን ደብቃኝ…

«እኔን ብቻ ነው እምቢ ያለኝ ብለህ ተስፋ ስትቆርጥ፣ ሁሉንም ትተወዋለህ ብዬ ነው አጎቴ።»

ድሮም ቀጭን ናት። አሁን ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ስታስተምር ዞሯት፣ ጠመኔ እንደያዘች ወለል ላይ መቀመጧን ዛሬ ነው የምትነግረኝ። የት ነበርኩ እኔ? ወረቀት ላይ አፍጥጬ።

ከጎረቤታችን ከአስረሳሽ የማሽላ እንጀራ ተበድሬ አቀረብኩላት። እምቢ ስትል በእጄ አጎረስኳት። እያለቀሰች በላች። አሸንፈሻል፣ የዶሮ ቤቱን ግን አልጠርግም አልኳት።

የካቲት 1

ቀጠሮዬ ሳይደርስ እሱባለው ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እሷ ወጣት ናት፣ ስኳርም የለባት፣ ሰውነቷ ቶሎ ይደርሳል አለ። የእኔ ለዓመታት የታመመ ነው። አንዱ በቀናት ይደርሳል፣ አንዱ በሳምንታት፤ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የማይታይበትም አለ። ለምን እንደሆነ ሁሉንም እኛም አናውቅም አለኝ።

ይሄን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አብረው የተገዙ ሁለት ፓምፖች፣ አንድ ዓይነት ነዳጅ… አንዱ ገመዱን እንደሳቡለት ይነሳል፣ ሌላው ደረት እስኪያም ያለፋል። ፓምፕ ሰነፍ ነው ብዬ ተሳድቤ አላውቅም። ራሴን ግን ስሰድብ ከረምኩ።

ስኳሬ ትንሽ ወርዷል። አልበቃም። መርፌውን ይዤ ወጣሁ።

የካቲት 2

መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሆዴን ገልጬ ተቀመጥኩ። መርፌውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት… ስንት ሞተር የፈታ እጅ! ፈሪሀ ልውጋህ ስትል አይሆንም ብዬ ወደ ትምህርት ቤቷ ሸኘኋት። እየወጣች ስልክ ስታወራ ነበር።

በር ተንኳኳ። የፓምፕ ሰው መስሎኝ፣ ክፍት ነው ግባ አልኩ።

ዚነት ናት፤ ለካ ፈሪሀ የደወለችው ለእናቷ ኖሯል። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች። ሰላምታም አላስቀደመች፤ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ጠረጴዛው ላይ።

«ወንድምህ መርፌውን እሺ ያለኝ እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው፣ መህዲ። እስከዚያ ስለምነው ነው የኖርኩት።»

መርፌውን ወደ እሷ ገፋሁት።

ውሃ ቀድታ እጇን እየታጠበች ነው። ይሄን የምጽፈው ሆዴን እንደገለጥኩ ነው።