የበዳሳ ጫማ ታጠበ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እንጭኒ

ዛሬ ከአምቦ መጥቼ የበዳሳን ሙዚየም አየሁ። ሙዚየም ይበሉት እንጂ አንዲት ክፍል ናት። በዳሳ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ የሮጠ ጓደኛዬ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። በአገር አቋራጩ ውድድር ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈበትን ጫማ ለሙዚየሙ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጭቃው እንዳይረግፍ ስንት ዓመት በካርቶን ይዤው ኖሬያለሁ።

በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ጫማው ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አሁንም «ከነጭቃው» ይላል።

ክፍሉን የሚጠብቁት እናቱ አዴ ጫልቱ ናቸው። «ማነው ያጠበው?» አልኳቸው፤ ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«እኔ ነኛ! ታዲያ ልጄ በቆሻሻ ጫማ እንግዳ ይቀበል?»

«ከነጭቃው» የሚለውን ጽሑፍ በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን የእኔን ጫማ እያዩ ነበር። በዝናብ ስለመጣሁ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር።

«አውልቅ» አሉና ከበሩ ኋላ ባልዲ አወጡ።

አጥበው ደጃፉ ላይ አሰጡት። ባዶ እግሬን መቆሜ አላስቻላቸውም፤ መስታወቱን ከፍተው የበዳሳን ጫማ አወጡ።

«እስኪደርቅ ይኼን አድርግ።»

አደረግኩት። ጠበበኝ። በሐምሌ ደግሞ ጫማ ቶሎ አይደርቅም፤ እስኪመሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።