ወንዱ ወፍ እስኪነሳ፦ ስለ አቶ ዌይ ሹይሙ ዕረፍት ከአውታም የሊንግካክ አምራቾች ማኅበር

ለማኅበራችን አባላት፣ ለአውታም መንደር ነዋሪዎች፣ አቶ ዌይ ሹይሙን ለምታውቁ ሁሉ፦

የማኅበራችን አንጋፋ አባል አቶ ዌይ ሹይሙ ባለፈው ማክሰኞ፣ ጁላይ 9 ቀን ጠዋት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ከኩሬያቸው ዳር ባለው ቤታቸው በድንገት ያረፉ መሆኑን በጥልቅ ሀዘን እንገልጻለን። “ጥልቅ ሀዘን” በየመግለጫው ስለሚጻፍ ዓይናችሁ አልፎት ይሄድ ይሆናል። እኛ ቤት ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ አቶ ሹይሙ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ ብለው አንድ ጥያቄ ጥለውብን ይሄዱ ነበር። “እንቁራሪቶቹ ትናንት ለምን ዝም አሉ?” ይላሉ። “የሰሜኑ ኩሬ ሸረሪት ወደ ደቡቡ የተሻገረው ማን ነግሮት ነው?” ይላሉ። መልስ የሰጠናቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከማክሰኞ ወዲህ ሁለት ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሁላችንም በሩን እናያለን።

የቀብራቸው ቀን በዚህ መግለጫ ላይ ለምን እንዳልተጻፈ ብዙዎቻችሁ በስልክ ጠይቃችሁናል፤ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። ምክንያቱ አንድ ወፍ ነው። ከቤታቸው ደጃፍ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እዚያው ኩሬያቸው ላይ፣ በውኃ ላይ ፍሬያችን በሊንግካክ ቅጠል ላይ ጎጆ የሚሠራ አንድ ወንድ የሊንግካክ ወፍ አራት እንቁላል ታቅፏል። በጁን መጨረሻ የመጣው ታይፎን የቀሩትን ጎጆዎች ጠራርጎ ስለወሰደ በዘንድሮው ዓመት መንደራችን ውስጥ የቀረው ጎጆ ይኸው ብቻ ነው። ሰውን በወጉ መሸኘት ደግሞ ጥሩምባ፣ ከበሮና ርችት ይጠይቃል። ወፉ ከደነገጠና ለግማሽ ቀን ከራቀ የጁላይ ፀሐይ እንቁላሎቹን ትቀቅላቸዋለች። ነገሩ እንዴት እንደተፈታ ከታች እናስረዳለን። አስቀድሞ ግን የሰውየውን አገልግሎት መናገር ይገባናል፤ ያለዚያ የአንድ ወፍ ነገር ቀብር ያዘገያል ቢባል ማን ያምናል?

እ.ኤ.አ. በ1974 አቶ ሹይሙ የውትድርና ግዴታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ከአባታቸው ሁለት ኩሬ ተረከቡ። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ በውኃ ከተሞላ በኋላ ሊንግካክ፣ ያ የጎሽ ቀንድ የመሰለ ጥቁር ፍሬያችን፣ ቅጠሉን ውኃው ላይ ያነጥፋል። ለቀማው እንደምታውቁት ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ ሳፋ የምታክል ታንኳ ላይ ተቀምጦ፣ ቅጠሉን እየገለበጡ፣ ፍሬውን ከሥሩ መንጠቅ። አቶ ሹይሙ ፈጣን ለቃሚ አልነበሩም። ሴቶቹ “አሹይ ቅጠሉን ገልብጦ ጋዜጣ ያነባል” ይሏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 ማኅበራችን አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ዛሬ ብንሸሽገው ደስ ባለን፤ ቃለ ጉባኤው ግን አለ። ቅጠላችን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖብን ነበር። ያ ረጅም ጅራትና ረጃጅም ጣት ያለው ወፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ለቅጠል ሲመላለስ ይታያል። ስለዚህ “ወፉ ቅጠል ይበሳል” ተባለና ጎጆው እንዲፈርስ፣ ኩሬውም ፀረ ተባይ እንዲረጭ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሙሉ ድምፅ ማለት አንድ ሲቀር ነው።

“የቀዳዳውን ባለቤት በዓይኑ ያየ አለ?” ብለው ጠየቁ አቶ ሹይሙ።

የያኔው ሊቀመንበር አቶ ቱ ቺንግፋ ተቆጡ። “ወፉ ቅጠሉ ላይ ቆሟል፤ ቅጠሉ ተበስቷል። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?”

“እርስዎም ትናንት ቅጠሉ አጠገብ ቆመው ነበር፣ ሊቀመንበር።”

አዳራሹ ሳቀ፤ ውሳኔው ግን ጸደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1992 መንደሩ በሌላ ወሬ ተጠመደ። የአቶ ሹይሙ ባለቤት የወይዘሮ ሩዋን ዩዬ ቀይ የጥፍር ቀለም እየጠፋ አስቸገራቸው። ሌላ ገዙ፤ እሱም ጠፋ። ጎረቤቶች በሐዘኔታ ዓይን ያዩዋቸው ጀመር፤ ቀለሙን ከተማ ውስጥ የምትቀባ ሌላ ሴት አለች ማለት ነዋ! ወይዘሮ ዩዬ አንድ ቀን ከኋላ ከኋላ ተከትለው ሄዱ። ባላቸው ኩሬው መሃል ታንኳ ላይ ተቀምጠው፣ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ ነክሰው፣ የቅጠል ጫፍ ይቀባሉ።

“አንተ ሰውዬ! የእኔን ጥፍር አንድ ቀን እንኳ ቀብተህ ታውቃለህ?”

“አንቺ መቼ ተበሳሽና!” አሉ አቶ ሹይሙ ሳይዞሩ።

ስድሳ ቅጠል ላይ ምልክት አድርገው የትኛው ቅጠል መቼ እንደተበሳና ማን እንደረገጠው በየቀኑ ከግድግዳ በሚቀደደው የካላንደር ወረቀት ጀርባ ይጽፉ ነበር። ቀጥለው የኩሬውን አንድ ጥግ ወፍ እንዳይገባበት በመረብ ሸፈኑት። በሦስተኛው ሳምንት ከመረቡ ሥር ያለው ቅጠል ወንፊት ሆነ፤ ወፉ ሲመላለስበት የነበረው ደኅና ነው። ቅጠሉን የሚበሳው ከሥሩ ተለጥፎ የሚኖር የጣት ጥፍር የማያክል ጥንዚዛ ነበር። ወፉ የሚመላለሰው እሱን ለመልቀም ኖሯል! መድኃኒቱ ደግሞ ጥንዚዛውን የሚበላውን ሸረሪት አብሮ ይፈጃል። ጥንዚዛው በሁለት ሳምንት ተመልሶ ሲፈላ ሸረሪቱ ግን የለም። በገዛ እጃችን የጠላታችንን ጠላት ስንገድል ከርመናል።

ሁለቱን ዓይነት ቅጠል በሳፋ ሞልተው ጉባኤ ፊት ባስቀመጡ ጊዜ ሊቀመንበር ቱ “አሹይ፣ ወፏን አግብተህ እንደሆነ ንገረንና እንገላገል” አሏቸው።

“የሚታቀፈው ወንዱ ነው፣ ሊቀመንበር። ሚስቲቱ እንቁላሉን ጥላለት ሦስተኛ ባል ልታገባ ማዶ ኩሬ ተሻግራለች። የትኛዋን ነው የማገባው?”

ከኋላ ወንበር አንዲት ለቃሚ “እንዲህ ያለ ባል ከወፍ በቀር የት ይገኛል!” ብላ ጮኸች። ያን ዕለት ጉባኤው በሳቅ ተበተነ እንጂ አንድም ነገር አልወሰነም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የሆነውን አቶ ሹይሙ ራሳቸው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ስለጠየቁ እዚህም መቅረት የለበትም። የሊንግካክ ወፍ ጎጆው ከቅጠሉ አይለይም፤ ጥቂት ጭራሮ ነው። አቶ ሹይሙ በለቀማ ላይ ሳሉ እጃቸው እንደ ልማዱ አንድ ቅጠል ገለበጠ። አራት የነሐስ ቀለም ያላቸው እንቁላሎች ተንሸራተው ውኃ ገቡ። አባትየው እስኪመሽ ያን ቦታ እየዞረ ሲጮህ ዋለ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤት መጥተው፣ በዚያ ቀን ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ “ስሜን ጻፉት። ከእናንተ መካከል ጎጆ ያፈረሰ ሁሉ እያወቀ ነው ያፈረሰው። እኔ ሳላይ ነው። የእኔው ይብሳል” አሉ።

የቀይ ጨርቁ ደንብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጎጆ ያየ ለቃሚ አጠገቡ ቀርከሃ ይተክላል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም የአንድ አልጋ ስፋት ያህል አይጠጋውም። በመጀመሪያው ዓመት ጨርቅ ያሰሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ሴት ለቃሚዎቹ፣ በሦስተኛው ባሎቻቸው ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 መንደሩ ውስጥ የተገኘው አንድ ጎጆ ሲሆን፣ በ2011 አሥራ ሰባት፣ አምና ደግሞ ሠላሳ አንድ ተመዝግቧል። የ1991ዱን ውሳኔ በ2003 ሽረነዋል። ይቅርታ ግን በጽሑፍ ጠይቀናቸው አናውቅም። ማኅበሩ አሁን በዚህ መግለጫ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። መዘግየቱን እናውቃለን።

የካላንደር ወረቀቶቻቸው በሰባት ካርቶን ተሞልተው ቁም ሳጥናችን ውስጥ ይገኛሉ። ብዙ ያልተመለሱ ጥያቄዎች አሏቸው። ለምሳሌ ይህ ወፍ እንቁራሪት የበዛበትን ኩሬ ለጎጆ ይመርጣል። እንቁራሪቱን አይበላም፤ እንቁራሪቱም አይነካውም። ታዲያ ምን ያፈላልጋቸዋል? አቶ ሹይሙ ከጎኑ “ምናልባት እባቡ እንቁራሪት ሲጠግብ እንቁላል አያምረው ይሆን? ይታይ” ብለው ጽፈዋል። ለማየት የሚፈልግ አባል ካለ ካርቶኖቹ ክፍት ናቸው።

አሁን ወደ ቀብሩ እንመለስ። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የክብር ሊቀመንበራችን አቶ ቱ ቺንግፋ የሞቱን ዜና እንደሰሙ አንድ ሳይሆን ሦስት የቀብር ባንድ አዝዘው መጡ። ርችቱ በጭነት መኪና ነው የተጫነው። “ይህ ሰው ከዚህ መንደር ከወጣው ሁሉ በላቀ ድምፅ ይወጣል! እኔ አለሁ!” አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ወይዘሮ ዩዬም ጥሩምባውን ይፈልጉታል፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠር አንሻም። አርባ ስድስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ሰው በዝምታ ቢያወጡ ጎረቤት “እንደ ሌባ አስወጣችው” ማለቱ አይቀርም፤ ይህንንም ነግረውናል። በሌላ በኩል በመስኮት ወፉ ይታያቸዋል። ባላቸው የመጨረሻውን ቀይ ጨርቅ ያሰሩለት ወፍ ነው፤ ባረፉበት ቀን መታቀፍ ከጀመረ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር።

ስለዚህ ሟቹን ራሳቸውን ሊጠይቋቸው ወሰኑ። ሐሙስ ዕለት ከፎቶግራፋቸው ፊት የሙታን ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ሁለቱን ጨረቃ መሰል እንጨቶች ይዘው ተንበረከኩ። አንዱ በጠፍጣፋ ሆዱ፣ አንዱ በጎባጣ ጀርባው ከወደቀ “እሺ” ነው፤ ሁለቱም በሆዳቸው ከተደፉ “እምቢ” ነው፤ ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ደግሞ የተጠየቀው ይስቃል።

“አንተ ሽማግሌ፣ ጥሩምባው እሑድ ይነፋልህ?”

እንጨቶቹ ሳቁ። ደገሙት፤ ሳቁ። ሦስተኛም ሳቁ።

“ሲስቅ ደስ ብሎታል ማለት ነው! ፈቅዷል!” አሉ አቶ ቱ።

ወይዘሮ ዩዬ ዞር ብለው አዩአቸው። “ሊቀመንበር፣ ሠላሳ ዓመት ሲስቁበት ኖረው ዛሬ ሲስቅብዎት አልገባዎትም?”

አቶ ቱ ሄደው ከወይዘሮዋ አጠገብ ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን። እንጨቶቹን ለመኑና ተቀበሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አሹይ፣ እኔ ነኝ። አባትየው ልጆቹን አውጥቶ እስኪሄድ ብንጠብቅህ ይከፋሃል? ስንት ጊዜ አስጠብቄህ የለ፤ ይቺን ደግሞ ጠብቅልኝ” አሉ።

ወረወሩ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ።

በዚህ መሠረት ማኅበሩ ከቤተሰቡ ጋር የተስማማበትን ያሳውቃል። አስከሬናቸው እስከ ቀብሩ በማቀዝቀዣ ሣጥን ይቆያል፤ የሐዘን ድንኳኑ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ተዛውሯል፤ ለቅሶ ደራሾች ወደዚያ ኑ። ጸሎቱ ያለ ድምፅ ማጉያ ይደረጋል። በኩሬው ዳር መንገድ የሚያልፍ ሞተሩን አጥፍቶ ይግፋ። ወፉን ለማየት እየመጡ ከቀርከሃው የሚጠጉ አባላትም አሉ፤ ስማችሁን አውቀናል፤ እባካችሁ ተዉ። በአቶ ሹይሙ ወረቀት ቆጠራ መሠረት እንቁላሎቹ በጁላይ 26 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ቀን ቅጠል ላይ ይራመዳሉ። አባታቸው ወደ ታችኛው ኩሬ ይዟቸው በወረደ ማግስት ቀብሩ ይፈጸማል። ለቀብር መልካሙን ቀን ከዘመን ቆጠራ መጽሐፍ የሚመርጡት ቀን ቆራጭም ገጾቹን ሦስት ጊዜ አገላብጠው “ከወፍ ጋር የሚጣላ ቀን አላገኘሁም” ብለዋል።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ሩዋን ዩዬ፣ ለቤተሰባቸው፣ ከአቶ ሹይሙ ጋር ጎን ለጎን ታንኳ ለቀዘፉ ለቃሚዎች ሁሉ፣ እንዲሁም ለአቶ ቱ ቺንግፋ መጽናናትን ይመኛል። ባንዶቹ ሦስቱም አልተሰረዙም፤ ርችቱም መጋዘን ውስጥ በደረቅ ቦታ ተቀምጧል። ለጥሩምባ ነፊዎቹ ምን እንበላቸው ብለን ብንጠይቃቸው፣ ወይዘሮ ዩዬ ከመስኮቱ ሳይነሱ የሰጡንን መልስ እንዳለ አስተላልፈናል፦

“እስከዚያ ትንፋሻቸውን ይሰብስቡ። ያን ቀን ግን ሰማዩን ይሰንጥቁልኝ።”

የአውታም የሊንግካክ አምራቾች ማኅበር
ጁላይ 15 ቀን