መሳፍንትን ዝናብ ላይ ላቆመው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው፣ የልጆች መጻሕፍት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔ ለአርባ ዓመት ዜማ ያስተማርሁ፣ አሁን ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋርዶብኝ የደብረ ማርቆስ ሐኪሞችን ቀጠሮ የምጠብቅ፣ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የምባል ሽማግሌ ነኝ። ይህን የማጽፈው ጎረቤቴን ዲያቆን ታረቀኝን አስቸግሬ ስለሆነ፣ የአጻጻፍ ጉድለት ካለ የእሱ፣ ድፍረት ካለ የእኔ ነው።

የልጅ ልጄ ወንጌላዊት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ በነሐሴ ሞተብን፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቀረች። የትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መምህርት ዘመናይ ግን ጭቃውን አቋርጣ መጥታ፣ እሷም ገና ያልጨረሰችውን አዲስ ልብ ወለድ ሰጠቻት፤ አባቱ ሞቶበት ታናሽ እህቱን ለማሳደግ ትምህርቱን ስላቋረጠ መሳፍንት ስለሚባል ልጅ ነው። ከዳዊትና ከድጓ ሌላው ሁሉ ተረት ነው ብዬ የኖርሁት ሰውዬ፣ ልጅቱ እያነበበችልኝ ዘጠና አራተኛው ገጽ ደረስን። መሳፍንት ከእህቱ ጋር ሉማሜ መናኸሪያ ዝናብ ላይ ቆሟል፤ አንዱ አውቶብስ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይወስደዋል፣ ሌላው ወደ ትምህርቱ ይመልሰዋል። ወንጌላዊት እሱ ከተመለሰ እኔም እመለሳለሁ ብላኝ ነበር። በማግስቱ የእርስዎ ደብዳቤ መጣና የቢሮዎ ዘበኛ መጽሐፉን ወሰደው።

ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. መጽሐፉ «ልጆችን ከችግር ጋር ስለሚያስተዋውቅ» ይሰብሰብ በማለትዎ። ወንጌላዊት ከችግር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ አስከሬን ፊት ነው፤ መጽሐፉ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሞት የሠራውን በደራሲ ማሳበብ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ አሽሙር አልወድም።

፪. በምትኩ ስለ አንዲት ደስተኛ ጥንቸል የሚተርክ መጽሐፍ ስለላኩልን። ጥንቸሏ ካሮት ትፈልጋለች፤ ካሮትም ታገኛለች። ወንጌላዊት ቆማ አንብባ ጨረሰችና ለጎረቤት ሕፃን ሰጠችው፤ ሥዕሉን ወዶታል።

፫. ልጆች እንዳያለቅሱ በማሰብዎ። ይህች ልጅ በአባቷ ቀብር እንባ ጠብ አላላትም፤ ድርቅ ብላ ቀርታ እኛኑ አስፈርታን ነበር። ስድሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መሳፍንት የአባቱን ጅራፍ ከግድግዳው ሲያወርድ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ይደረግ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ያን ቀን ራቷን በላች።

አራተኛውን ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ብለው ይቀበሉልኝ። ልጅቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መሳፍንት ምን ሆነ እያለች ስትጠይቀኝ ጨነቀኝና ዋሸሁ። ሰው ጠይቄ ነገሩኝ፣ እህቱን ይዞ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ አልኋት። ሰኞ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ማክሰኞም ሄደች። ተማሪ አንዲት ቃል ሲያዛንፍ በአለንጋ ስገርፍ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅናዬ ያላነበብሁትን መጽሐፍ በገዛ እጄ ጨርሼ ቁጭ አልሁ፤ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ። ይህን ጉዴን በግልጽ ደብዳቤ የማወጣው በቢሮዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ እዚያ የተለጠፈ ነገር ያነበበ ሰው ስላልሰማሁ ልጅቱ ታውቅብኛለች ብዬ አልሰጋም።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ልመናዬ አንድ ነው። መጽሐፉን የቆለፉበትን ቁም ሣጥን ይክፈቱና የመጨረሻውን ምዕራፍ ይመልከቱልኝ። መሳፍንት ወደ ትምህርቱ ተመልሶ እንደሆነ መጽሐፉን ለልጅቱ ይላኩላት። አዲስ አበባ ሄዶ እንደሆነ ግን፣ አደራ በሰማይ አደራ በምድር፣ ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ፤ ያን ጊዜ ኮሚቴዎን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ማኅተምዎም ቀለም አይጣ እያልሁ፣ ከወንበርዎ እግር ሥር ሆኜ እጅ የምነሣ፤
መሪጌታ ወልደ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት መጽሐፉን የገለጠ አንድም ሰው እንደሌለ ዘበኛዎ ነግሮኛል። እሱ ግን ከእኛ ወስዶ ለቢሮ እስኪያስረክብ ድረስ ጨርሶታል። መጨረሻውን ብጠይቀው፣ ልጅቱ ትምህርት ቤት እየሄደች ነው ወይ ብሎ መልሶ ጠየቀኝ፤ አዎ ስለው፣ እንግዲያውስ ይበቃል አለኝ። ኮሚቴዎ ማንበብ የሚችል አባል መጨመር ከፈለገ እሱን እጠቁማለሁ።