ሐዘኔ ዜሮ ስለ መሆኑ

ለተከበሩ ዶክተር በላቸው
የሐዘን መለኪያ ጥናት ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዜሮዬ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዶክተር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባለቤትዎንም፣ ልጆችዎንም፣ ያ የቢቸና ዳገት ያስቸገረውን ጉልበትዎንም በሙሉ ጤና እንድታገኝ ምኞቴ ነው። እኔ በእርስዎ መለኪያ ከሆነ እጅግ ደህና ነኝ።

ስሜ አገሬ ይባላል፤ ቢቸና ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እቸረችራለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ አንዳንድ ቦታ ብሳሳት ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌም ከድፍረት አይደለም፤ እርስዎ ውጤቴን በቀበሌው አዳራሽ ሰው ፊት ስለነገሩልኝ፣ መልሱም ሰው ፊት ቢሆን ወግ ነው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ትልቋ ልጄ ትርሲት ሞጣ አስተማሪ ሆና ተመድባ ሳለች ዓምና ታማ ሞተችብኝ። ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ደግሞ ዶክተሩ የላኳቸው ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ዘመድ የሞተበትን ሰው ሁሉ ሐዘን ለኩ። ሐዘን በዓይን የማይታይ ስለሆነ፣ እንዲለካ ከተፈለገ በሚታይና በሚቆጠር ነገር መተርጎም አለበት፤ ይህም «ኦፕሬሽናል ዴፊኒሽን» ይባላል ብለው ዶክተሩ ራሳቸው አስረድተውናል፤ ቃሉን እስካሁን አፌ አልለመደውም። በዚህ ትርጉም መሠረት ሐዘን ማለት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ማልቀስ፣ ምግብ መቀነስና ሌሊት መንቃት ነው። ነጥቡ ከፍ ያለለት ሰው ጤና ጣቢያው ካቋቋመው የምክር ቡድን ይገባል፤ ዝቅ ያለበት በሰላም ይሸኛል። እኔ ዜሮ አመጣሁ። ቅሬታዬም በአክብሮት እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ለቅሶን በተመለከተ። እርስዎ ከሩቅ ቢመጡም ለቅሶ ደርሰው ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ብድር ነው፤ ሰው ቤት ሄደሽ ካላለቀስሽ፣ የአንቺ ቀን ሲመጣ የሚያለቅስልሽ አታገኚም። ጎረቤቴ ፈንታነሽ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ብድር የማታሳድር ሴት ናት። ድንኳን ካየች ሟቹ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ከመንገድ ጀምራ ታለቅሳለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ሙሾ ታወርዳለች፤ ንፍሮው ሲመጣ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ጨው አንሶታል ትላለች። መጠይቁን ይዛ የመጣችው ዘሪቱ፣ ያቺ ከወሎ የመጣች ትሁት ልጅ፣ ምን ያህል ጊዜ አለቀሱ ብላ ብትጠይቃት፣ ፈንታነሽ ውሸት አታውቅምና የደረሰችውን ለቅሶ ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረችላት። የሞተባት ዘመድ የተባለው የጁቤ ከተማ የሚኖር፣ በዕድሜዋ ሁለቴ ያየችው አጎቷ ነው። ሆኖም በሐዘን ከከተማው አንደኛ ወጣች፤ እኛም እንኳን ደስ አለሽ እንበል ወይስ እግዚአብሔር ያጥናሽ ብለን ተቸግረን ነበር።

እኔ ስጠየቅ አላለቀስኩም አልኩ። እውነቴን ነው። አስከሬኗ ከሞጣ የገባ ዕለትም አላለቀስኩም፤ ወንበር አነሰ ሲሉኝ ከእድር ቤት ወንበር ሳስመጣ፣ ውሃ ሳስቀዳ ዋልኩ። ያኔ አልመጣልኝም፤ አሁንም አልመጣልኝም። ሲቀመጡበት ደንዝዞ እንደቀረ እግር ነው፤ እግሬ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስረግጥበት ግን አይሰማኝም።

፪ኛ. ምግብን በተመለከተ። በዐቢይ ጾም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል የማይቀምስን ሕዝብ ምግብዎ ቀንሷል ወይ ብሎ መጠየቅ ትልቅ ጥበብ እንደሆነ አልጠራጠርም። አልቀነሰም ያለ አልተገኘም፤ በፋሲካ አንድ ሙክት ብቻውን ለመጨረስ የሚዝተው ሥጋ ሻጩ አስናቀው እንኳ ሐዘንተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ ግን ለጨጓራዬ መድኃኒት ስለምውጥ የንስሐ አባቴ ጾሙን አቅልለውልኛል፤ በሰዓቱ እበላለሁ። የቀረበልኝን ሁሉ እበላለሁ፤ ወጡ መጣፈጡን ወይም ማረሩን የሚነግረኝ ባለቤቴ ነው። ይህንንም ለዘሪቱ ነግሬያት ነበር፤ እስክሪብቶዋን በወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች አዘዋወረችና፣ እትዬ አገሬ ይህን የምጽፍበት ቦታ የለኝም፣ ቀንሷል ልበል ወይስ አልቀነሰም አለችኝ። ልጅቷን ከማስቸግር ብዬ አልቀነሰም በይ አልኳት።

፫ኛ. እንቅልፍ። ከተማው ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ስለሚነሳ እንቅልፍ አጥቷል ተብሎ ተጽፎለታል። እኔ እተኛለሁ፤ ደወሉንም አልሰማም።

፬ኛ. ስላደረጉልኝ ክብር። በአዳራሹ ስሜን ሳይጠሩ፣ ልጃቸውን በቅርቡ ያጡ አንዲት እናት በሦስቱም መለኪያ ዜሮ ማምጣታቸው የመቋቋም አቅም ድንቅ ምሳሌ ነው ብለው ፈገግ ሲሉ፣ ቢቸና ትንሽ ከተማ ናትና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ቀጥሎም ተጨበጨበልኝ። በሠርጌ ዕለት እንኳ እንዲህ ደምቆ አልተጨበጨበልኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባለቤቴ እህት ውቢት፣ ከቀብሩ ቀን ጀምራ ይህች ሴት ድንጋይ ናት ስትል የከረመችው፣ ከአዳራሹ ስንወጣ፣ እኔ ስናገር ምቀኛ ተባልኩ፣ ይኸው ኮምፒውተሩም አለ እያለች እስከ ገበያው ድረስ ሸኘችኝ። ድሮ የምታማው በሰው አፍ ነበር፤ አሁን በጥናት ሆኗል።

ይህንንስ እችለው ነበር። ባለቤቴ ይታገስ ግን ስለ ልጃችን ክፉም ደግም ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ማታ እራት ላይ ቀና ብሎ አየኝና፣ እውነት አገሬ ምንም አይሰማሽም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንጀራ ጨመርኩለት። የተማረ ሰው ለክቶ ዜሮ ካለ፣ ምናልባት እኔ ነኝ እንጂ የጎደልኩ፣ ምናልባት ልጄን እንደ ሰው አልወደድኳት ይሆን ብዬ አሰብኩ። እስከዛሬም አስባለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት ለዚህ ነው እንጂ ለጭብጨባው አልነበረም።

፭ኛ. ስለ ምክር ቡድኑ። ፈንታነሽ አንድም ቀን ሳትቀር ትሄዳለች። ስትመለስ በሱቄ በኩል አልፋ የተማረችውን ለእኔ ታስተምረኛለች፤ በአፍንጫ አስገቢ፣ በአፍ ቀስ ብለሽ አውጪ ትለኛለች፤ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ እናቆማለን። ከዚያ አልፋ ለሚቀጥለው መጠይቅ ማልቀስ ላስተምርሽ፣ ሽንኩርቱ እንደሆነ ያንቺው ነው ብላ እየሳቀች ቃል ገብታልኛለች። ሽንኩርት ስልጥ የምውል ሴት ነኝ፤ እሱም አላስለቀሰኝም።

፮ኛ. የልጄን ስም የጠየቀኝ የለም።

የተከበሩ ዶክተር፣ ትርጉሙን ያወጡት እርስዎ ስለሆኑ የሚያሻሽሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ መለኪያ አልሠራም፤ አልችልምም። ግን ከሱቄ ፊት ለፊት መናኸሪያው አለ። ከሞጣ የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ሽንኩርቱን ትቼ እነሳለሁ፤ ቀሚሴን አራግፋለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። ሰው ወርዶ ያልቃል፤ መልሼ እቀመጣለሁ። ይህን የማደርገው አውቄ አይደለም፤ መነሳቴን የማውቀው ስቀመጥ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ቦታ ከተረፈው፣ የሞጣው አውቶቡስ ሲገባ ይነሳሉ ወይ የሚል አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ። «በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ» ከሚለው ውስጥ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት ይደረግልኝ። ይህ ሐዘን ከሆነ ሐዘን ነው ብላችሁ ጻፉልኝ፤ በዚያው አዳራሽም ይነገርልኝ፣ ይታገስ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ካልሆነም ምን እንደሆነ ንገሩኝና ልወቀው።

ሐዘንን ለክቶ ለመጨረስ ላደረጉት ድካም፣ በጾም ስለ ምግብ፣ በኪዳን ሰሞን ስለ እንቅልፍ ስለ ጠየቁም፣ ለሰጡኝም ክብ ቁጥር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ልብ የሚባለው እስኪተረጎም ድረስ «ከልብ» ማለቴ እንዲታለፍልኝ እየለመንኩ፣ ለዘሪቱም ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣

የጥናትዎ ደህና ሴት
አገሬ
ቢቸና፣ ሰኔ ፳፻፮ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለእድራችን ሊቀመንበር (ወንበሮቹን ስላዋሱን)
ለወይዘሮ ውቢት (እንዲያውቁት)

ማስታወሻ፦ በመጠይቁ መጀመሪያ ገጽ፣ ይህ ነጥብ የለውም፣ ለመረጃ ያህል ነው በተባለው ቦታ፣ ዘሪቱ ስንት ልጆች አሉዎት ብላ ጠይቃኝ ሦስት ብያት ነበር፤ ሦስት ብላም ጻፈች። ያሉኝ ሁለት ናቸው። ከሰጠሁዎት መልስ ሁሉ ስህተቱ ይህ ብቻ ስለሆነ፣ በኮምፒውተሩ መስተካከል የሚችል ከሆነ ያስተካክሉት። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።