መርዶውን አንተ ንገራት

ወላይታ ሶዶ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ የበኩር ልጄ ለዘሩባቤል፤

ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ ስል ኖሬያለሁ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቆትህም ከቁጣዬ ጋር ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል። በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬን ስለማታነሳ ነው። ዋትስአፕ ላይ ፎቶህ ቢጠፋብኝ ለጎረቤት ልጆች አሳየኋቸው፤ «ቲቸር፣ ብሎክ ተደርገው ነው» ብለው ሳቁብኝ። ወረቀት ብሎክ አይደረግም። ጓደኛህ ሚልክያስ ለእረፍት መጥቶ ነበር፤ ወደ ጆሃንስበርግ ሲመለስ በእጅህ እንዲሰጥህ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ወንድምህ ሞቷል። አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን ከአፍህ አልወጣ ስላለ እኔ ልጻፈው። ፋኑኤል ሞቷል፤ ቀብሬዋለሁም።

ቦዲቲ ከተማ ለደንበኛው የጠገነውን ስልክ አድርሶ ሲመለስ ባጃጁ እንደተገለበጠ ሰምተሃል። ሆስፒታል ስደርስ ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ቱቦ በአፉ ገብቶ፣ ማሽኑ በነፋ ቁጥር ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እናትህ እጁን ጨብጣ «ሙቅ ነው፣ ተመስገን» አለች። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ኮሪደሩን ሞላው። እኔም በዚህ በታመመ ጉልበቴ ተንበርክኬ አብሬ ጸለይኩ። አባቴ አልጸለየም እንዳትል።

ከዚያ ዶክተር ኢየሩሳሌም ለብቻዬ ጠራችኝ። አስተምሬያታለሁ፤ ማተቧን ከአንገቷ የማትለይ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣

«ቲቸር፣ ሁለት ጊዜ መረመርነው፤ ሌላ ሐኪምም አይቶታል። የፋኑኤል አንጎል ሞቷል» አለችኝ።

«ይተነፍሳል እኮ።»

«የሚተነፍሰው እሱ አይደለም፤ ማሽኑ ነው።»

«ልቡስ?»

«አየር እስከገባለት ድረስ ለጥቂት ቀን ይመታ ይሆናል። ግን ቲቸር፣ ይሄ ራሱን ስቶ የተኛ ሰው አይደለም። ሞቷል።»

«አንቺስ በእግዚአብሔር ታምኚያለሽ?» አልኳት። ልሰድባት ፈልጌ ነበር የጠየቅኳት።

«አምናለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለዚህ ነው የማልዋሽዎት።»

በማግስቱ ነርሷ ትራሱን ስታስተካክል የፋኑኤል ግራ እጅ ከአልጋው ተነስቶ ደረቱ ላይ አረፈ። ክፍሉ በሃሌ ሉያ ተናጋ። እናትህ «ታ ናኣው! ልጄ!» ብላ ወደቀች። አንዱ ወንድም ወዲያው በቪዲዮ ደወለልህ፤ አንተም ከዚያ ሆነህ «ተነስቷል! ጌታ ነግሮኛል፣ ወንድሜ አይሞትም!» ብለህ ጮህክ። ዶክተሯ ሮጣ መጥታ እጁን ያንቀሳቀሰው አከርካሪው እንጂ አንጎሉ አይደለም ብትል ማን ይስማት። እኔ ገባኝ። የታረደ ዶሮ ክንፉን ሲያራግብ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ልጄን ከዶሮ ጋር በማመሳሰሌ አፈርኩ፣ ግን ገባኝ።

እሁድ ደግሞ አንተ እዚያ በምትሰብክበት ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥተህ ወንድሜ ከሞት ተነሳ ብለህ መሰከርክ። ያልሆነውን በእምነት ሆኗል ብሎ መመስከር በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም፤ ሥራው ሳይገኝ ተገኘ፣ ቪዛው ሳይመጣ መጣ ይባላል። ቢቀርም ሰው ይስቃል እንጂ አይጎዳም። አንተ ግን በሬሳ መሰከርክ። ሕዝቡ ዘለለ፣ አንተም አለቀስክ፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ ሶዶ ገባ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነብህና መመለሻ አጣህ።

ማሽኑ እንዲነሳ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቱቦው ሲወጣ አጠገቡ ነበርኩ። አንድ ትንፋሽ ብቻ በራሱ ቢተነፍስ ዶክተሯንም ራሴንም ሐሰተኞች ነን ብዬ ደስ እያለኝ በጮህኩ ነበር። ጠበቅኩት። አልተነፈሰም።

በሚቀጥለው እሁድ «አባቴ በጥርጣሬው ተአምሩን አቋረጠው» አልክ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እንዳንተ አባባል ከሆነ፣ ጌታ የጀመረውን ሥራ አንድ ጡረተኛ መምህር ሶኬት ነቅሎ አስቀረበት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ጌታ እኔ አላስተማርኩህም።

ቀብሩን ልንገርህ። የእድራችን ለፋፊ ዳልጮ ጥሩምባውን ይዞ ወጥቶ ነበር። የጸሎቱ ሰዎች ደጃችን ላይ አስቁመው «ለሚነሳ ሰው ጥሩምባ ትነፋለህ?» ብለው መለሱት። ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤቱ አልቅስ ወይ አታልቅስ እንደተባለ ሳያውቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቆሞ ሄደ። «ጌታ ያጽናችሁ» ያለን እንኳ አልነበረም። ለውሻ እንኳ የሚታዘንበት አገር፣ ለልጄ ማዘን አለማመን ሆነ።

እናትህ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። «መምህር፣ ሙቅ ልጅ ነው የቀበርከው። ሙቅ ሰው ይቀበራል እንዴ?» ብላኝ ቢጠና ከተማ ወንድሟ ቤት ሄደች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። የፋኑኤልን ሸሚዞች እያጠበች ታሰጣለች አሉ። እያለቀሰች ቢሆን ይሁን፤ ግን አታለቅስም፣ ለቅሶ እምነት ማጣት ነው ብለሃታላ። እሁድ እሁድ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቅሃለች፤ አንተም ትደውልና «እማዬ፣ አባዬ ባይቸኩል ኖሮ» ትላታለህ። ይህን ስትል ድምፅህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሽማግሌ ላክሁባት። ሰምታ ሰምታ «ዘሩባቤል ይንገረኝ» አለቻቸው።

ልጅ ሳለህ ከጓሮ እንሰቱ ስር ቆመህ ትሰብክ ነበር። ምዕመንህ ፋኑኤል ብቻ ነበር። አፍንጫውን እንኳ ሳይጠርግ አሜን ይልልህ ነበር፤ አንተ ሳትጨርስም አሜን ይላል። እናትህ በመስኮት እያየች «ይሄ ያለ ወንድሙ ቤተ ክርስቲያን የለውም» ትል ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ሚልክያስ አንድ ነገር ነገረኝ። እዚያ ካሉት የአገራችን ልጆች አንዱ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት፣ ጎህ ሳይቀድ ጓደኞቹን ሰብስበህ በሩን የምታንኳኳው አንተ ነህ አሉ። ሌላው መሬት መሬት ሲያይ፣ ትከሻውን ይዘህ ቃሉን የምታወጣው አንተ ነህ አሉ። መርዶ አታዛባም፣ አታድበሰብስም፤ ደግፈኸውም ታለቅሳለህ አሉ። ስሰማ ኮራሁብህ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለሰው መርዶ የምታውቅበት ቃል ለገዛ እናትህ ሲሆን የት ገባ?

ዋሽቼ ነበር በል አልልህም። ከመድረክህ ውረድም አልልህም፤ እሱን አንተና ጌታህ ተነጋገሩበት። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እናትህ ጋ ደውልና «እማዬ፣ ፋኑኤል ሞቷል። አባዬ ሲቀብረው ሞቶ ነበር» በላት። ጌታ እንኳ አልዓዛርን ከመጥራቱ በፊት ለደቀ መዛሙርቱ ሞቷል ብሎ በግልጽ ነግሯቸዋል፤ መቃብሩም ጋ አልቅሷል። የሚያስነሳው እሱ ራሱ መርዶውን ካልሸሸ፣ አንተ ምን ቤት ነህና ትሸሻለህ?

የእድሩ ሰዎች፣ እሷ ከተረዳች ዘግይቶም ቢሆን ድንኳኑን እንተክላለን ብለውኛል። ዳልጮም ጥሩምባውን ወልውሎ አስቀምጧል። እናትህ ታልቅስ፤ ጎረቤትም ገብቶ ይቀመጥ፤ ልጄም እንደ ሰው ሞቷል ይባልለት።

ጌታ አንደበትህን ይጠብቅልህ። በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ ከሥራ ወጥተህ በሰላም ግባ። ከተቆጣሁህ በላይ እወድሃለሁ፤ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ።

እሷን ካረዳህ በኋላ፣ ብሎኩን አንሳና ለእኔም ደውል። የፈረመው እሱ ነው፣ ያውቃል ተብሎ፣ ለእኔ እስካሁን መርዶ የነገረኝ የለም።

አባትህ
መምህር ደገፉ