ሳያድር ጤነኛ ስለ ተባለው ባትሪ

ልደታ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክቡር የካሚዮን ጋራዥ ሹም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተ ሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በማኅተም የሚጸድቀውን ሳይሆን አድሮም የሚገኘውን ጤና። ይህን አቤቱታ ሦስት ጊዜ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቼ ሦስቱም ጊዜ ስለ ጠፋ፣ ዳግመኛ ፍለጋ እንዳያደክምዎ ብዬ አራተኛውን በጋራዡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አስተርጓሚዎ አቶ ገብረየሱስም እንደ ልማዳቸው ሳያሳጥሩ እንዲያነቡልዎ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ እስካለፈው ሳምንት በጋራዥዎ ባትሪ ስሞላ የኖርኩት ፍሰሐ ነኝ። የእኅቴ ባል ጃርሶ ደግሞ ዱቄት ጭኖ ወደ አምቦ ሲሄድ ካሚዮኑ መንገድ ላይ ስለ ቆመበት፣ ዱቄቱ ለሽፍቶች እንዲደርስ ሆን ብሎ አበላሸው ተብሎ የታሰረው ሾፌር ነው።

አንደኛ፣ የዚያ ካሚዮን ባትሪ ከጉዞው በፊት ሲሞላ ውሎ ገመዱ እንደ ተነቀለ የመለኪያው መርፌ ሽቅብ ቢወጣ፣ እዚያው ቆመው «ጤነኛ» የሚል ወረቀት ጽፈው አተሙበት። ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከድግስ የወጣን ሰው በሩ ላይ ይዞ ራበህ ወይ ማለት ምን ይፈይዳል? የባትሪ ጤና የሚታወቀው ገመዱ ተነቅሎ ካደረ በኋላ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ መርፌው መውረድ አለመውረዱን በማየት ነው። ይህን በዚያው ቀን ነግሬዎት ነበር።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ካሉት ሦስት ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ አሲዱ እንደ ቀጠነ በመለኪያው ብርጭቆ አሳይቼዎታለሁ፤ አንዱ ክፍል ከደከመ ባትሪው ሁሉ ይደክማልና። እርስዎም ሁለቱ ደኅና ከሆኑ አብላጫው ይበቃል ብለው መለሱልኝ። ባትሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ሸንጎ እንዳለ አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፣ ጤነኛ ባትሪ ላለው መኪና ምን ያደርጋል ብለው ሞተሩን በእጅ የሚያስነሳውን ማኒቬላ ግምጃ ቤት አስቆለፉበት። ጃርሶ ሆለታ አጠገብ ጎማ ሊቀይር ሞተሩን አጠፋ፤ በኅዳር ብርድ መልሶ ሊያስነሳ ቢሞክር እምቢ አለው። ዱቄት የጫነ ካሚዮን ደግሞ አቀበት ላይ ተገፍቶ አይነሳም።

አራተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ችሎቱ ሲሰየም፣ ያንኑ ባትሪ ጠዋት አስሞልተው ገና ሳይቀዘቅዝ አስመጡና መርፌውን ለዳኛው አሳዩ። ዳኛውም «ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ጥፋተኛው ሰውየው ነው» አሉ። እኔም ተነሥቼ ጠዋት የሞላሁት እኔው ነኝ ብል፣ ከችሎቱም ከሥራዬም በአንድ ቀን አስወጡኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኛ ለድሆቹ ብቻ ኖሯል።

ፍርዱ የፊታችን አርብ ነው። ሽፍታ ረዳህ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ አላየሁም። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሙስ ባትሪውን ማንም ሳይነካው ይደር፤ አርብ ጠዋት ዳኛው ፊት ለሩብ ሰዓት መብራት ይብራበት። ከዚያ በኋላ መርፌው ያለውን ይበል፤ እኔም እቀበላለሁ።

ገና ላላየሁት ቸርነትዎ ከወዲሁ እጅ የምነሣ፣ የማይደርቀውን ማኅተምዎን የማከብር፣

ፍሰሐ ኃይለመለኮት
የቀድሞ የባትሪ ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ ትናንት እኅቴ መሰለች ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ ድረስ ሄዳ ነበር። ዘበኛው «ባልሽ ጤነኛ ነው» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳያትና ስንቁን መለሰባት። ወረቀቱ የተጻፈው ጃርሶ በገባበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ሌሊት አድሯል፤ ያየው ሰው የለም።